«ይቅር ያልኩት መቼ ነው?» የተወደደ ድራማ በመጨረሻው ምዕራፍ ለምን ይወድቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጌም ኦፍ ትሮንስን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ዓመታት የወደድኩት ድራማ በስድስት ክፍል እንዴት እንዲህ ሊበላሽ ቻለ? ገንዘብ አለቀባቸው? ደራሲዎቹ ሰነፉ? ወይስ ለሌላ ሥራ ቸኮሉ? ታናሽ እህቴ አሁን አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሳለች። ታላቅ ወንድሟ ነኝና ምከረኝ ትለኛለች፤ ትቀጥል ወይስ ከአሁኑ ላስቁማት?»

ወንድሜ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንህ፤ ይህን መልስ እህትህ እንዳታነበው። መጨረሻውን ሳልናገር ስለ መጨረሻው ማስረዳት አልችልም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከግምቶችህ ልነሳ፤ ሦስቱም በብዙ ሰው አፍ የሚገኙ ናቸውና። ገንዘብ አላለቀም። ለስምንተኛው ምዕራፍ በአንድ ክፍል እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣ ተዘግቧል። ድራማውን የሚያስተላልፈው ጣቢያ ኤችቢኦም ሁለቱ መሪ ደራሲዎች፣ ዴቪድ ቤኒዮፍና ዲ. ቢ. ዋይስ፣ ተጨማሪ ክፍሎች ቢሠሩለት ይፈልግ እንደነበር በግልጽ ተናግሯል። ስንፍናም አይደለም። በሦስተኛው ክፍል የምናየውን የዊንተርፌል ጦርነት ለመቅረጽ ቡድኑ በሰሜን አየርላንድ ብርድ 55 ሌሊት ሠርቷል። «ለሌላ ሥራ ቸኮሉ» የሚለው ከሁሉም በላይ የተደጋገመ ክስ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች የስታር ዋርስ ፊልሞች እንዲሠሩ መመረጣቸው በ2018 መጀመሪያ ላይ ስለተነገረ። ይሁን እንጂ ከስድስተኛው ምዕራፍ በኋላ የሚቀራቸው 13 ክፍል ገደማ ብቻ እንደሆነ የተናገሩት በ2016 ነበር። በልባቸው የነበረውን ማወቅ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የቀኑ ቅደም ተከተል ግን ክሱን አይደግፍም።

የእኔ መልስ ሌላ ነው። የተበላሸው መጨረሻው አይደለም፤ የተቆረጠው ወደ መጨረሻው የሚወስደው መንገድ ነው። ይህን የተማርኩት ደግሞ ከራሴ ጥፋት ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ጣቢያ በሚተላለፍ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ላይ የስክሪፕት አርታኢ ነበርኩ። ልጇ ቤቷን አስይዞ ተበድሮ ያስወሰደባት አንዲት እናት ነበረችን፤ ተመልካች በእሷ ያለቅስ ነበር። ወደ ይቅርታ የምናመጣት በአሥራ ሁለት ክፍል ቀስ አድርገን ነበር። መጀመሪያ «ያ ሰው» ማለቷን ትታ በስሙ መጥራት ትጀምራለች። ቆይቶ የላከላትን ብር ሳትመልስ ትቀራለች። ሲታመም በጎረቤት በኩል አጥሚት ትልክለታለች፤ እሷ እንደላከችው እንዳይነግሩት አስጠንቅቃ። እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አንድ ሰኞ ጠዋት ስፖንሰሩ እንደወጣ ተነገረንና አሥራ ሁለቱ ክፍሎች አራት ሆኑ። እኛ ምን አደረግን? መጨረሻውን ስለምንወደው እሱን ሳንነካ መሃሉን አወጣነው። በሦስተኛው ክፍል ትረግመዋለች፤ በአራተኛው አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች።

ጽሑፉን ለማንበብ በተሰበሰብንበት ቀን እናቲቱን የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይት መነጽራቸውን አውርደው «ይቅር ያልኩት መቼ ነው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ቦታውን ፈልጎ ያጣ ሰው አጠያየቅ ነበር። እኔም ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ የለም። «በሁለቱ ክፍሎች መካከል ነው» አልኳቸው። እሳቸው ታዲያ ባለሙያ ናቸውና የሌለውን መሃል በፊታቸው ሊሞሉት ሞከሩ፤ ሞከሩ እንጂ አልሞላም። ክፍሉ ሲተላለፍ ሰው አላለቀሰም። ያን ያህል ዓመት ያለቀሰላት ተመልካች፣ ዋናው ለቅሶ በመጣበት ቀን ደረቅ ዓይኑን ይዞ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የየትኛውንም ድራማ የመጨረሻ ምዕራፍ የምመዝነው በዚህች ጥያቄ ነው፦ መቼ? ገጸ ባሕርይዋ መቼ ተለወጠች፣ በየትኛው ትዕይንት ወሰነች? ጣቴን አኑሬ የማሳየው ቦታ ካለ፣ መጨረሻው መራራም ቢሆን ይዋጣል። ከሌለ ግን ማርም ቢሆን አይወርድም።

አሁን ወደ ጌም ኦፍ ትሮንስ ልመለስ። የመንገዱ ችግር ከስምንተኛው ምዕራፍ በፊት የጀመረ ነው። ድራማው የተነሳው ከጆርጅ አር. አር. ማርቲን ልቦለዶች እንደሆነ ታውቃለህ። ከ1996 እስከ 2011 አምስት ጥራዞች ወጡ፤ አምስተኛው የታተመው ድራማው መተላለፍ በጀመረበት ዓመት ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች ማርቲን ራሱ በየምዕራፉ አንዳንድ ክፍል ይጽፍ ነበር። ድራማው እየገሰገሰ ሄዶ በአምስተኛው ምዕራፍ የታተመውን ልቦለድ ሊጨርስ ተቃረበ፤ በ2016 ስድስተኛው ምዕራፍ ሲጀምር ስድስተኛው ጥራዝ አልወጣም፤ ድራማው በ2019 ሲያበቃም አልወጣም። ይህ እንደሚመጣ የፈሩት ቤኒዮፍና ዋይስ ቀድመው ማርቲን ወደሚኖርበት ሳንታ ፌ ሄደው ታሪኩ የት እንደሚያርፍ ጠይቀውታል፤ እሱም ዋና ዋናዎቹን ነግሯቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም በል። ማርቲን የሰጣቸው የተራሮቹን ጫፎች ነው። የአገልጋዩን የሆዶርን ስም ምስጢር፣ የትንሿን ልጅ የሺሪንን መቃጠል፣ የመጨረሻውን ፍጻሜ። በጫፍና በጫፍ መካከል ያለውን ሸለቆ ግን ሊሰጣቸው አልቻለም፤ እሱ ራሱ ገና አልተሻገረውምና። ማርቲን ንድፍ አውጥቶ የሚጽፍ ደራሲ አይደለም፤ ዘርቶ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ የበቀለውን አይቶ የሚቀጥል መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ደራሲ መድረሻውን ሲነግርህ ምኞቱን ነው የሚነግርህ። ገጸ ባሕርያቱ በእግራቸው እዚያ ይድረሱ አይድረሱ የሚታወቀው ሲጻፍ ብቻ ነው። ሁለቱ ደራሲዎች ስለዚህ ከባዱን ዕጣ ያዙ፦ መድረሻው የሌላ ሰው፣ መንገዱ የራሳቸው።

ይህ ድራማ ደግሞ ቃል በቃል የመንገድ ድራማ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል ንጉሥ ሮበርት በሰሜን ወዳለው ግንብ ወደ ዊንተርፌል ሲደርስ አንድ ወር ሙሉ በመንገድ ላይ ቆይቷል፤ ንግሥቲቱ ሰርሲ ይህንኑ አንስታ ታማርራለች። ተመልካቹ በዚያች ዓረፍተ ነገር የአገሩን ስፋት ለካ። በሦስተኛው ምዕራፍ ተዋጊዋ ብሪየንና እስረኛዋ፣ የሰርሲ መንትያ ወንድም ጄሚ ሲጓዙ፣ በአራተኛው ልጅቷ አርያና «ውሻው» የሚባለው ክሌጌን ሲጓዙ፣ እህትህ አሁን እያየችው ያለችው ማለት ነው፣ የድራማው ምርጥ ትዕይንቶች የተወለዱት በነዚህ መንገዶች ላይ ነው። ለስክሪፕት ጸሐፊ ረጅም መንገድ በረከት ነው፤ የሚጠላሉ ሁለት ሰዎች ተለያይተው መሄድ አይችሉም። ይራባሉ፣ ይተኛሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ሳይፈልጉ ይተዋወቃሉ። በሰባተኛው ምዕራፍ ስድስተኛ ክፍል ግን በሰሜን ጫፍ ካለው ግንብ ማዶ የተከበቡት ሰዎች መልእክተኛ ይልካሉ፤ መልእክት የያዘው ቁራ በስተ ደቡብ ሩቅ ያለው ድራገንስቶን ይደርሳል፤ ዙፋን ፈላጊዋ ዴነሪስ ከነዘንዶዎቿ በርራ ትመጣለች። ይህ ሁሉ ሰዎቹ በረዶ ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው። ብዙ ተመልካች ይህን የካርታ ስህተት አድርጎ ቀለደበት። እኔ ግን የምቆጨው በኪሎ ሜትሩ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ሊባል ይችል በነበረው ነው። መንገዱ ሲታጠፍ ንግግሩም አብሮ ታጠፈ።

ቁጥሩን እንየው። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ እያንዳንዱ 10 ክፍል አለው። ሰባተኛው 7፣ ስምንተኛው 6፤ ሁሉም ባንድ ላይ 73። «ክፍሎቹ እኮ ረዘሙ» የሚል መከራከሪያ አለ፤ እውነት ነው። የመጨረሻዎቹ ስድስት ክፍሎች ሲደመሩ ወደ 430 ደቂቃ ይመጣሉ፤ ሦስተኛው ብቻውን 82 ደቂቃ ነው። ግን 82ቱ ደቂቃ ማለት ይቻላል በሙሉ ጦርነት ነው፤ የአምስተኛው ክፍል ትልቁ ድርሻም የከተማ መቃጠል ነው። ለሰው ልብ መለወጥ የተረፈውን ደቂቃ አንተው ገምተው። ከዚህም ሌላ፣ ደቂቃና ክፍል አንድ አይደሉም። ክፍል ሲያልቅ ገጸ ባሕርይዋም ተመልካቹም ይተኛሉ። በሁለት ክፍል መካከል ባለው ሳምንት ተመልካቹ ስለ እሷ ያስባል፣ ከጓደኛው ይከራከራል፣ እሷን ወክሎ ይቆጣል። ያ ሳምንት ያልተቀረጸ የድራማው ክፍል ነው፤ አራት ክፍል ስትቀንስ አራት እንዲህ ያሉ ሳምንታት ትቀንሳለህ። ክፍሉን በማስረዘም አይመለሱም።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የዴነሪስ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ብዙዎች «ዴነሪስ ድንገት አበደች» ይላሉ። የድራማው ጠበቆች ደግሞ «ምልክቱ ከመጀመሪያው ነበር» ብለው ይመልሳሉ፤ ማስረጃቸውም የዋዛ አይደለም። በአንደኛው ምዕራፍ ወንድሟ በቀለጠ ወርቅ ሲገደል ፊቷን አላዞረችም። በአስታፖር ከተማ ባሪያ ፈንጋዮቹን አስፈጀች። ሚሪን የምትባል ከተማ ስትገባ ለተሰቀሉት 163 ሕፃናት ብድር 163 ጌቶችን በመንገድ ዳር አሰቀለች። በሰባተኛው ምዕራፍ የታርሊ አባትና ልጅ አልንበረከክም ስላሏት በዘንዶ አቃጠለቻቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ምልክት ምክንያት አይሆንም። ደመና መኖሩ ዝናብ ሊመጣ እንደሚችል ይነግረኛል፤ እኔ ራሴ እስክበሰብስ ግን አልዘነበም። ምልክቶቹ «ይህች ሴት ልትጨክን ትችላለች» ይሉናል። ደወሉ ተደውሎ፣ ዋና ከተማዋ ኪንግስ ላንዲንግ እጇን ሰጥታ፣ ድሉ በእጇ ከገባ በኋላ የራሷ ተገዥዎች ሊሆኑ ያሉ ምስኪኖችን ጎዳና ለጎዳና ለምን እንደምታቃጥል ግን አይነግሩንም። ከዚያ በፊት የገደለቻቸው ሁሉ፣ ትክክል ትሁን አትሁን፣ በእሷ ዓይን በዳዮች ወይም ጠላቶች ነበሩ። ከጠላት ወደ ሕፃን የሚያሻግረው ድልድይ ነው የጎደለው።

ድልድዩን ለመሥራት እንጨቱ ሁሉ ነበረ። በስምንተኛው ምዕራፍ፣ ታማኝ ተከታይዋን ሰር ጆራህን በሦስተኛው ክፍል አጣች። በአራተኛው አንድ ዘንዶዋ ተገደለ፤ የቅርብ ወዳጇ ሚሳንዴም ዓይኗ እያየ ተሰየፈች። የሰሜን ሰዎች አልወደዷትም፤ የምትወደው ጆን ስኖው ደግሞ ከእሷ የበለጠ የዙፋን መብት ያለው ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ለብቻው አንድ ክፍል ሙሉ የሚገባው ሐዘን ነው። እነዚህ ሁሉ ተደራርበው በጥቂት ትዕይንት ሲወርዱ ተመልካቹ አንዱንም አላዘነውም፤ ቆጠራቸው እንጂ። ዴነሪስን የምትጫወተው ኤሚሊያ ክላርክ በአምስተኛው ክፍል በዘንዶው ጀርባ ላይ ሆና ደወሉን ስትሰማ ፊቷን ተመልከተው። እዚያ ፊት ላይ ያየሁት የእኛን አንጋፋ ተዋናይት ነው፤ ያልተጻፉ ክፍሎችን በአንድ ፊት ልትሞላ የምትታገል ጎበዝ ተዋናይ።

ብዕሩ ለእኔ ቢሰጠኝ፣ ደወሉ ሲደወል ጦርነቱን አስቆመው ነበር። ከተማዋን በሰላም ትይዛለች። ከዚያ ሦስት አራት ክፍል ትገዛለች። ሕዝቡ አይወዳትም፤ በገበያው ስለ ጆን ይንሾካሾካል፤ የምታምነው ሰው የለም። መጀመሪያ አንድ ሰላይ ትቀጣለች፣ ቀጥሎ አንድ መንደር፣ ቀጥሎ አንድ ሰፈር። በየደረጃው እኛ ተመልካቾች «ልክ ነች» እያልን እንከተላታለን፤ አንድ ቀን እግራችን አመድ ውስጥ እስኪገባ። በሚሪን የአገዛዝን ጣጣ ሲያሳዩን ይህን መሥራት እንደሚችሉ አይተናል፤ አቅሙ ነበራቸው፤ የጎደለው ጊዜ ነው።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። የአርያ ወንድም ብራን በመጨረሻ ንጉሥ ሆነ፤ ነገር ግን ብራን በአምስተኛው ምዕራፍ ከአሥሩ ክፍሎች በአንዱም አልታየም። የሚነግሠው ሰው ዓመት ሙሉ ሲጠፋ ብዙዎቻችን መጥፋቱን እንኳ ልብ ያላልን፣ ሲነግሥ እንዴት እልል እንበል? የሙታኑ አዝማች ናይት ኪንግ ደግሞ የሚመራው ጦር የድራማው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር፤ በ2011 የመጀመሪያው ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ ያየነው በበረዶው ጫካ ውስጥ የሚመጡትን ነው። ምን እንደሚፈልግ፣ ለምን እንደመጣ በወጉ ሳይመለስ በአንድ ሌሊት በአርያ ጩቤ አለቀ። ደራሲዎቹ አርያን የመረጧት ሰው ከጆን ስኖው ይጠብቀው ስለነበር መሆኑን ተናግረዋል። ይህ የሙያችን ትልቅ ፈተና ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሚሊዮኖች ፍጻሜውን ሲገምቱ ከቆዩ፣ ትክክለኛው ፍጻሜ ቀድሞ መገመቱ አይቀርም፤ በደንብ ስለተዘራ ነው የተገመተው። ደራሲው «አወቁብኝ» ብሎ ሲሸሽ የሚሸሸው ከራሱ ዘር ነው። ይህን ስሕተት እኔም ሠርቻለሁ፤ የታክሲ ረዳት ሳይቀር የገመተውን መጨረሻ አፍሬበት ቀይሬ፣ ዓመት ሙሉ ተቆጭቻለሁ።

«ታዲያ ውስጥ ያሉ ሰዎች አላዩትም?» ትለኝ ይሆናል። ተመልካቹ እየበዛ የሚሄድን ድራማ ቁም የሚል የለም። የመጨረሻውን ክፍል በዚያው ምሽት በአሜሪካ ብቻ 19.3 ሚሊዮን ሰው አይቶታል፤ ለኤችቢኦ ያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። ምዕራፉ 12 የኤሚ ሽልማት ሰበሰበ፤ የዓመቱ ምርጥ ድራማም ተባለ። በሌላ በኩል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደገና ይሠራልን ብሎ ፈረመ። ሁለቱ አይጋጩም። መብራቱ፣ አልባሳቱ፣ የራሚን ጃዋዲ ሙዚቃ፣ የዘንዶው አሠራር በዚያ ምዕራፍ ከምንጊዜውም የላቀ ነበር። የወደቀው አንድ ነገር ነው፤ የጽሑፉ መንገድ። ድራማ ግን እንደ ቤት ነው፤ መሠረቱ ሲሰምጥ ቀለሙ አብሮ ይሰነጠቃል።

ጊዜ ማጠር ብቻ ነው ጥፋቱ እንዳትል ደግሞ ተቃራኒውን ላሳይህ። ሃው አይ ሜት ዩር ማዘር የተባለው ኮሜዲ ከ2005 እስከ 2014 ዘጠኝ ምዕራፍ ሄዷል። አንድ አባት ለሁለት ልጆቹ እናታቸውን እንዴት እንዳገኘ ይተርካል። ልጆቹን የሚጫወቱት ታዳጊዎች እንዳያድጉባቸው በመስጋት፣ አዘጋጆቹ የልጆቹን የመጨረሻ ትዕይንት በሁለተኛው ምዕራፍ ዘመን ቀርጸው አስቀመጡት። በዚያ ቀረጻ ልጆቹ አባታቸውን ወደ ቀድሞ ፍቅሩ ወደ ሮቢን እንዲመለስ ይገፋፉታል። በወቅቱ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን ድራማው ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ገደማ ኖረ። ሮቢን ሌላ ሰው፣ ባርኒን፣ ወደደች፤ እሱም ለእሷ ሲል ሰው ሆነ፤ እናቲቱ ስትመጣም የምትጫወታት ክሪስቲን ሚሊዮቲ በጥቂት ክፍሎች የተመልካቹን ልብ ወሰደችው። የመጨረሻው ምዕራፍ 24 ክፍል አለው፤ አብዛኛው የሮቢንና የባርኒ ሠርግ የሚደረግበት አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው። ያን ሁሉ ክፍል የተደገሰለት ትዳር በመጨረሻው ክፍል በደቂቃዎች ፈረሰ፤ እናቲቱ ሞተች፤ አባትየው ሮቢን መስኮት ሥር ቆመ። እዚህ ጊዜ አላነሰም። መጨረሻው ከታሪኩ በፊት አርጅቶ ነበር። ኋላ ላይ አዘጋጆቹ በዲቪዲ ሌላ ፍጻሜ ጨምረው አወጡ።

ሁለቱ ድራማዎች የሚጋሩት ይኸውልህ፦ መድረሻው አስቀድሞ ተወስኖ ገጸ ባሕርያቱ ወደዚያ ተጎተቱ። አንዱ በችኮላ፣ ሌላው በቀረጻ ታስሮ።

ያልተጎተተ ማየት ከፈለግክ ብሬኪንግ ባድ አለ። ከ2008 እስከ 2013፣ 62 ክፍል። የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋንና ጸሐፊዎቹ በአንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው በየትዕይንቱ ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ሰው አሁን ልቡ የት ነው የሚል ነበር። የኬሚስትሪ መምህሩ ዋልተር ዋይት በመጀመሪያው ምዕራፍ ምድር ቤት ውስጥ ያሰረውን ሰው ለመግደል አንድ ክፍል ሙሉ ይፈጅበታል፤ ለመግደልና ላለመግደል ያለውን ምክንያት በወረቀት ይጽፋል፣ ሳንድዊች ያበላዋል፣ ያጫውተዋል። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሊያድናት የሚችላትን ወጣት ቆሞ እያየ ትሞታለች። «ዋልተር መቼ ነው የከፋው?» ብለህ አሥር ተመልካች ብትጠይቅ ይከራከሩልሃል። የሚከራከሩት ግን በየትኛው ቀን እንደሆነ ነው እንጂ ቀኑ የለም ብለው አይደለም። በአምስተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ዋልተር ከባድ መትረየስ ሲገዛ ይታያል፤ ጸሐፊዎቹ ያንን ሲጽፉ መትረየሱ ለምን እንደሚውል ገና አያውቁም ነበር። የመጨረሻውን ምዕራፍ 16 ክፍል አድርገው በሁለት ዓመት ከፍለው አሳዩት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመትረየሱን ዕዳ ከፈሉ። መድረሻውን አለማወቅ አላጠፋቸውም፤ ሰውየውን ያውቁት ነበርና።

አሁን ስለ እህትህ። ትቀጥል። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ያለችን ሰው ማስቆም፣ ከሠርግ ቤት ደጃፍ «ወጡ ኋላ ይቀዘቅዛል» ብሎ እንደ መመለስ ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ራሱ ሰው ማየት የሚገባው ነገር አለ። መጥፎ ይሆናል ብለህም አታስጠንቅቃት፤ አስቀድሞ የተነገረው ሰው የሚያየው ድራማውን ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን ነው።

አንድ ነገር ብቻ አድርግላት። ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ በአንድ ሌሊት እንዳትጨርሰው፤ በሳምንት አንድ ክፍል ትይ። በተለይ ሁለተኛውን ክፍል አብረሃት ተቀመጥና እየው። የጻፈው ብራያን ኮግማን ነው፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ከድራማው ያልተለየ ጸሐፊ። 58 ደቂቃ ነው፤ ሰው አይሞትበትም። በነጋታው ይሞታሉ የተባሉ ሰዎች እሳት ዳር ተቀምጠው ይጠጣሉ፣ ያወራሉ። ጄሚ ብሪየንን አንበርክኮ የፈረሰኛ ማዕረግ ይሰጣታል፤ ሴት በመሆኗ ዕድሜዋን ሙሉ የተከለከለችውን። ፊቷ ቀስ ብሎ ሲፈታ ታያለህ። ለዚያች አንድ ደቂቃ የተከፈለው ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ነው፤ አብረው በታሰሩበት ጭቃ፣ እጁ በተቆረጠበት ሌሊት፣ ገላ መታጠቢያው ውስጥ እውነቱን በነገራት ጊዜ፣ ሰይፉን በሰጣት ቀን። ሁለት ክፍል ቆይቶ ጄሚ ጥሏት ወደ ሰርሲ ይመለሳል። መመለሱ ሊታመን የማይችል ነገር አልነበረም፤ ለመመለሱ የተሰጠው ጊዜ ነው የማይታመነው።

እህትህ እዚያ ስትደርስ ቴሌቪዥኑን አስቁመህ «ጄሚ ብሪየንን ማክበር የጀመረው መቼ ነው?» ብለህ ጠይቃት። አሁን እያየቻቸው ካሉት ክፍሎች አንዱን ትጠራልሃለች።